አውሮፕላንን ግማሽ መንገድ መቀበል

«ሩቅ ነው» የሚለው ቃል ስንት ትዳር ገና በእንጭጩ እንደቀጨ የቆጠረ የለም እንጂ፣ ቢቆጠር ከወባ አያንስም ነበር። የእኔው ለጥቂት ነው የተረፈው። እንዴት እንደተረፈ እስቲ ልንገራችሁ። ወሬው ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ሳስተምር የኖርሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ተሳስቶ የሚያስረዳችሁ አታገኙም።

ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበርሁ። አዲስ አበባ የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ ዳንግላ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቶኪዮ ከለንደን ምን ያህል ይርቃል ብትሉኝ ምራቄን ሳልውጥ እመልስላችሁ ነበር። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እኔን የቸገረኝ ከዳንግላ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ነበር፤ ምክንያቱም ጽጌ ያለችው እዚያ ነው።

ጽጌ ነርስነት ትማር ነበር። በአንድ የበዓል ግብዣ ላይ ተዋወቅን፣ ተግባባን፣ ቃል ተገባባን። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ብቻ ነው። አባቷ ግራዝማች አበጋዝ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያችን አንዲት ልጃቸውን ይዘው የሚኖሩ፣ ንግግራቸው አጭር ጢማቸው ረጅም የሆነ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን። «ልጁ ጨዋ ነው አሉ፤ ትምህርቱም ደግ ነው። ግን ዳንግላ ሩቅ ነው» ብለው መለሷቸው። ደግመን ላክን። «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ቀረበ እንዴ?» አሉ።

እኔም ሌት ተቀን ሳስብ ቆይቼ መላ መታሁ። በዚያ ዘመን ዳንግላ ሜዳ ላይ በሳምንት አንዳንድ ቀን አውሮፕላን ያርፍ ነበር። ከክፍሌ ግድግዳ ላይ ካርታዬን አወረድሁ። ካርታዋ አርጅታለች፤ ሱዳንን አይጥ በልቷታል፣ ቀይ ባሕርም ጣሪያው አፍስሶበት ከነበረው ሰፍቷል። ኢትዮጵያ ግን ደህና ነበረች። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዘዝሁና ከዳንግላ አዲስ አበባ ወጠርሁት። ከመሐል ጣቴ አይረዝምም! ያ በቅሎ ወርዶ እስኪወጣ ነፍስ የሚያስጨንቀው የዓባይ በረሃ፣ ከክሩ ሥር የፀጉር ያህል ሰማያዊ ነገር ሆኖ ተኝቷል። ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፈልሁት፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ወጣ። ሰው ዳንግላ ገበያ ወጥቶ አንድ ዶሮ ተከራክሮ እስኪገዛ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጨፈርሁ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ እኔም ተከተልኋቸው። አግቢ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ አያውቅም፤ ነውር ነው። ግን ከእነሱ መካከል ካርታ ዘርግቶ የሚያስረዳ ማን አለ? ግራዝማች ፊት ካርታዬን ዘረጋሁ፤ ክሬን ወጠርሁ።

ግራዝማች መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «ይህ ክር ዓባይን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ።

«አውሮፕላኑም አያውቀውም፣ ጌታዬ። በላዩ ነው የሚያልፍ» አልሁ። ከዚያ ምላሴ ቀጠለ። ምላስ ካልያዙት ከበቅሎ ይብሳል። «እንዲያውም እዚህ ቤት የተሠራ ወጥ በአውሮፕላን ቢጫን ሳይበርድ ዳንግላ ይበላል!» አልሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ግራዝማች ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው መጥቼ አያለሁ» አሉ። «ቅርብ ከሆነ ቅርብ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። በአንዱ አውሮፕላን መጥቼ በሚቀጥለው እመለሳለሁ።» ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ጽጌ በጓሮ በር በኩል አይታኝ ሳቀች። እኔም ዳንግላ እስክገባ ድረስ ፈገግ እንዳልሁ ቀረሁ።

እዚህ ላይ አጎቴን አያ ፈንቴን ላስተዋውቃችሁ። አያ ፈንቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች መካከል ስማቸው ሲነሳ ጎልማሳው ሁሉ ቀበቶውን ያጠብቃል። ጠጉራቸው ከሸበተ ቆይቷል፤ ፈረስ ላይ ሲወጡ ግን ሽበቱ የት እንደሚገባ እንጃ። በእግራቸው ሲሄዱ ያነክሳሉ፤ ስለዚህ አይሄዱም። ዳማ ፈረሳቸውን በአገውኛ ያነጋግሩታል፣ እኛን በአማርኛ፤ የሚሰማቸው ግን ፈረሱ ይበልጣል። እኒህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ከሚቀጥለው ታሪክ በኋላም እወዳቸዋለሁ።

በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አይጠበቅም። ፈረስ ተጭኖ፣ ተወጥቶ፣ መንገድ ላይ ነው የሚቀበሉት። የእንግዳው ክብር የሚለካውም በወጡለት መንገድ ነው። አያ ፈንቴ ይህን ሲያስረዱ፣ «አጥር ድረስ የተቀበልኸው ጎረቤት ነው፤ ወንዝ ድረስ የተቀበልኸው ዘመድ ነው፤ ግማሽ መንገድ የተቀበልኸው አማች ነው» ይላሉ። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ስለሆነ ምንም ክፋት አልታየኝም ነበር።

ግራዝማች ሊመጡ መሆኑን ስነግራቸው አያ ፈንቴ ተነስተው ቁጭ አሉ። «በየት በኩል ነው የሚመጡ?»

«በሰማይ ነው፣ አያ።»

«ሰማዩስ ገባኝ። ከሰማዩ በየት በኩል?»

መሬቱ ላይ በጭራሮ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርሁላቸው። እዚህ አዲስ አበባ፣ እዚህ ዳንግላ። አያ ፈንቴ በአለንጋቸው ጫፍ መስመሩን መሐል ለመሐል ነኩት። «ግማሹ የት ላይ ይውላል?»

«ዓባይ አካባቢ።»

«ይሁን፤ እኛ እንደርሳለን። እሳቸውስ እዚያ ላይ ይወርዳሉ?»

«አውሮፕላን መንገድ ላይ አይቆምም፣ አያ።»

«አይቆምም? ሰው እየተቀበለው?» አሉና ብዙ አሰቡ። ሲያስቡ ጢማቸውን ይጎነጉናሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «በል እንግዲያ በመንገዱ ሳይሆን በጊዜው እናድርገው። ሰውየው በሰማይ ላይ ከሚቆዩት ጊዜ እኩሌታውን ያህል እኛ በፈረስ እንወጣለን። ያም ያው ግማሽ መንገድ ነው። ተሳሳትሁ?»

አሁን እናንተ ሆናችሁ ብትፈርዱ፣ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪው አስቤ፣ አካፍዬ፣ «ትክክል ነው፣ አያ» አልሁ። ዛሬም ቢሆን ስሌቱ ላይ ስሕተት አላገኘሁበትም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጥር ወር ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የመጣውን ፈረሰኛ ብታዩ! ከእንጅባራ በኩል የመጡ አሉ፣ ከቆላው ከጫግኒ በኩል አቧራ ለብሰው የመጡ አሉ። ፈረሱ ሁሉ የጌጥ መጣብር ለብሶ፣ ኮርቻው ላይ የተነጠፈው ዝርባብ እየተብለጨለጨ፣ እርካቡ እየተንቃጨለ፣ አገሩ በአንድ ጊዜ ሰርገኛ ሆነ። አብዛኞቹ ጽጌን አያውቋትም፤ እኔንም በወሬ ነው የሚያውቁኝ። ግን የፈረሰኛ ልጅ አማች ሊቀበል ነው ከተባለ ማን ቤቱ ይውላል? ያን ቀን የእነሱ ወገን በመሆኔ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም ቃል አላገኝለትም።

«ሜዳው ላይስ ማን ይቅር?» ብዬ ጠየቅሁ በትሕትና።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ወደ ኋላ ቀርቶ መጠበቅ ለማን ይነገራል? ለአካል ጉዳተኛ እንኳ ቢሆን ስድብ ነው። በመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀረው ከብት የሚያባርረው ዘበኛ ብቻ ሆነ፤ እሱም የቀረው ፈረስ ስለሌለው ነው። እኔ አንዲት ቡላ ባዝራ ተሰጠችኝ። ፈረስ ላይ ያለኝ ችሎታ ስዋሂሊ ላይ ካለኝ ችሎታ ጋር እኩል ነው።

ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ፣ አያ ፈንቴ በለኩት ልክ፣ አንድ ጉብታ ላይ ደርሰን ቆምን። ፈረሶቹን ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባ አዙረን ተሰለፍን። ሰማዩን ሁላችንም እናያለን። ሰዓቴን አየሁ፤ አሁን ይመጣል አልሁ። አልመጣም። ደግሜ አየሁ። ፀሐዩ በረታ፣ ፈረሶቹ ዝንብ ያባርራሉ፣ አያ ፈንቴ እኔን ያያሉ።

«ምናልባት ዓባይ ላይ ውሃ እያጠጡት ይሆናል» አለ አንዱ ፈረሰኛ፣ አዝኖልኝ ነው።

«ክሩ ላልቶ ይሆን?» አሉ አያ ፈንቴ። ቆሞ እንዳይሆን ሰዓቴን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

እንዲህ እያለን ሳለ ድምፅ ሰማን። ከፊታችን አይደለም፤ ከኋላችን! ዞረን ብናይ አውሮፕላኑ በሰሜን በኩል፣ ከባሕር ዳር አቅጣጫ፣ ፀሐይ ላይ እያበራ ወደ ዳንግላ እየወረደ ነው። ለካስ አውሮፕላን እንደ ክር ተወጥሮ አይሄድም። ለካስ መጀመሪያ ባሕር ዳር አርፎ፣ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ፣ ከዚያ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ይህን እኔ አላወቅሁም፤ ካርታዋም አልነገረችኝ።

«እንግዳው በጀርባችን ገቡ!» ብለው አያ ፈንቴ ጮኹ። እንዲህ ያለ ውርደት በዘራችን ደርሶ አያውቅም የሚል ጩኸት ነው። ዳማውን አንድ ቃል በአገውኛ አሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሩጫ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው የምለው። ያ ሁሉ ፈረሰኛ ከጉብታው ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዞር ሲል ጥላው ሜዳው ላይ እየተንሸራተተ በላያችን አለፈ። አያ ፈንቴ ከዳማው አንገት ላይ ተለጥፈው ጥላውን ተከተሉት፤ ደረሱበት፤ ቀደሙት! አዎ፣ ቀደሙት። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ቅናት ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባዝራዬም መስክራለች፤ እሷም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ሮጣ አታውቅም።

ዘበኛው ምስኪን ከብቱን ሁሉ አባርሮ ሜዳውን ንጹሕ አድርጎ ጠብቋል። አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል እኛ በሌላው ጫፍ ገባን። እንግዳውን ሳንቀበል ቀርተናልና ቢያንስ አጅበን እናስገባቸው ማለት ነው የያንዳንዱ ሰው ሐሳብ። አውሮፕላኑ ፈረሱን ሲያይ አጓርቶ ተነሳ። በራሳችን ላይ ሲያልፍ ጋቢዬን ወሰደው።

«አያችሁ?» አሉ አያ ፈንቴ ደስ ብሏቸው። «ሰላምታ ሰጠን!»

ሰላምታ ከተሰጠ መልስ አለው። የእኛ መልስ ደግሞ ጉግስ ነው። ፈረሰኛው ለሁለት ተከፈለና በዚያ እንደ ምጣድ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ይከታተል፣ ይወራወር ጀመር። አውሮፕላኑ ዞሮ መጣ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ተነሳ። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። «ውጡ ከሜዳው!» እያልሁ እጄን አወናጨፍሁ። ፉከራ መሰላቸው፤ «አይዞህ መምህሩ!» ብለው አበረታቱኝ። ባዝራዬን ወደ ዳር ልስባት ብል እሷ ከጓደኞቿ መለየት አልፈለገችም። አውሮፕላኑ ለሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ሲል ከሁሉ ፊት፣ መሐል ሜዳው ላይ፣ ያለ ጋቢ የሚጋልበው ሰው እኔ ነበርሁ። በመስኮቱ በኩል አንድ ረጅም ጢም አየሁ ልበል?

ከዚያ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ወጣ፤ ወጣ፤ አልተመለሰም። አቅጣጫውን ወደ ደቡብ አድርጎ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ፈረሱ ሁሉ ቆመ።

«ወዴት ሊሄዱ ነው?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ደብረ ማርቆስ» አለ ዘበኛው፣ ኮፍያውን አውልቆ። «ከዚህ ቀጥሎ የሚያርፈው እዚያ ነው።»

ከባዝራዋ ወርጄ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። «ወጥ ሳይበርድ ይበላል» ያልኋቸው ሰውዬ በምሳ ሰዓት ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ ምሳቸው ዳንግላ ነው። ጽጌን አጣኋት፤ በቃ። ያን ያህል ፈረስ ከቦኝ ያን ያህል ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ተጠራሁ። ስልከኛው መሣሪያውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ደብረ ማርቆስ፣ ይሰማል? ይሰማል?» እያለ ጮኾ ጮኾ ዞረልኝ። እኔ በቀጥታ እንዳልነጋገር መስመሩ ደካማ ነው አለ፤ ይመስለኛል ፊቴን አይቶ አዝኖልኝ ነው። «ግራዝማች ደህና ናቸው» አለ። «በጭነት መኪና እመጣለሁ ብለዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ተናግረዋል። ማንም እንዳይቀበለኝ፤ በተለይ ፈረስ እንዳላይ ብለዋል።»

ሮጬ ሄጄ ለአያ ፈንቴ ነገርኋቸው። አያ ፈንቴ እንባ እስኪመጣባቸው ተደሰቱ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! አየህ ይሉኝታውን?»

«አያ፣ እውነታቸውን ነው። ፈረስ አላይ ብለዋል።»

«ልጅየ፣ ጨዋ ሰው ብላ ሲሉት በቃኝ ይላል፤ ተቀመጥ ሲሉት እዚሁ ይበቃኛል ይላል። ታዲያ በቃኝ ስላለ እጁን አስታጥበህ ታሰናብተዋለህ? እንዳትቀበሉኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልገባህ፣ ምኑን ተማርኸው?» ከዚያ ወደ ውጭ ብቅ ብለው፣ «ጫኑ!» አሉ።

ሌላ ምርጫ ነበረኝ? ጫንሁ። ያን ቀን እንጅባራ አደርን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መስተንግዶው ግን ብርዱን ያስረሳል። በማግሥቱ ጥሊሊን አልፈን ወደ ፈታም ወንዝ ወረድን። በየመንደሩ የሚያየን ሰው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ «አውሮፕላኑን ያባረሩት እነዚህ ናቸው!» እያለ ፈረስ ያለው ይከተለናል። ፈታም ስንደርስ ከዳንግላ ከተነሳነው እጥፍ ሆነናል።

ከወንዙ ማዶ አንዲት የጭነት መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ተከፍቶ እንፋሎት ይወጣታል፤ ሾፌሩ ከሥሯ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ፣ አቧራ ጢማቸውን ሁለተኛ ሽበት አልብሶት፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ግራዝማች አበጋዝ ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አያ ፈንቴ ወንዙን ተሻገሩ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረጉ፤ ከፈረሳቸው ወረዱ። እያነከሱ ሄደው ግራዝማች ፊት ቆሙና እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ ትናንት አጠፋን» አሉ። «ግማሽ መንገድ ልንቀበልዎ ወጥተን ሰማዩን ሳትነው። ዛሬ ግን መንገዱ መሬት ነው፤ አልሳትነውም። ዳማው የእርስዎ ነው፤ ይውጡበት።»

ግራዝማች አያ ፈንቴን አዩ፤ ያችን የሚያነክሱባትን እግር አዩ። «እርስዎስ በምን ሊሄዱ ነው?»

«ልጓሙን እይዛለሁ።»

ግራዝማች ተነሱ። ሻንጣቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለእኔ የሰጡኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። እግራቸውን እርካብ ላይ አድርገው ሲወጡ ግን ፈረሰኛው ሁሉ ተያየ። እንደ ጡረተኛ አይደለም የወጡት። ለካ ግራዝማች ከጠረጴዛና ከማኅተም በፊት ፈረስ የሚያውቁ ጎበዝ ነበሩ። ለአያ ፈንቴ ሌላ ፈረስ ተሰጣቸው፤ ልጓም መያዙን ግራዝማች እምቢ አሉ፤ ይህ እምቢታ እውነተኛ መሆኑን አያ ፈንቴም አልካዱም።

መጀመሪያ በዝግታ ሄድን። ጥሊሊ ገበያ ቆሞ ነበር፤ ሰው ሸክሙን እየጣለ መንገድ ዳር ወጥቶ እልል አለ። ግራዝማች ቀና አሉ። ከዚያ አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ ዳማውን ትንሽ ለቀቁት። ትንሽ ጨመሩ። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ጢማቸው በነፋሱ ለሁለት ተከፍሎ ከሁላችንም ፊት ሲጋልቡ፣ አያ ፈንቴ ከጎናቸው ሲደርሱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ጎረምሳ ሲፎካከሩ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግራዝማች ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በየደረስንበት ውረዱ፣ ቅመሱ፣ እደሩ ተባልን፤ በየደረስንበት ወረድን፣ ቀመስን፣ አደርን። በአንድ ሰዓት ከሩብ ይደረሳል ያልሁት መንገድ ስንት ቀን እንደፈጀ አልነግራችሁም፤ ጂኦግራፊ አስተምሬ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ።

ዳንግላ ገባን። አያ ፈንቴ ቤት ድግሱ ተበላ፣ ተጠጣ። አውሮፕላኑ ተመልሶ የሚመጣው በማግሥቱ ነበርና ያን ማታውኑ ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። እኔ በር አጠገብ ቆሜአለሁ።

«ሩቅ ነው» አሉ።

የበሩን መቃን ያዝሁ።

«ሩቅ ነው። ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነበር። መልሴን አዲስ አበባ ሳለሁ ጨርሼዋለሁ። አውሮፕላኑን የወደድሁትም ቶሎ መጥቼ፣ ቶሎ እምቢ ብዬ፣ ቶሎ ለመመለስ ነው። እናንተ ግን አላሳረፋችሁኝም።» ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። «ከላይ ሆኜ አየኋችሁ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ለአንድ ለማታውቁት ሽማግሌ ይህን ያህል ፈረስ ያስጋለበ አገር ልጄን ብቻዋን እንደማይጥላት የገባኝ ፈታም ላይ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ግራዝማች ግን አልተቀመጡም። እልልታው እስኪበርድ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ። «ሩቅ ነው ስል የኖርሁት ለእሷ ብዬ አልነበረም። እሷ ከሄደች ያ ቤት ለእኔ ባዶ ነው። የፈራሁት እሱን ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ክር ስወጥር፣ ሳካፍል፣ ይህ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰበኝም። አያ ፈንቴ ግን ጢማቸውን መጎንጎን ትተው፣ እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይን ግራዝማችን አዩአቸው።

«ታዲያ እርስዎን ማን ይመለሱ አለዎት?» አሉ።

በማግሥቱ አውሮፕላኑ መጣ። በባዶ ሜዳ ላይ በሰላም አረፈ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ግራዝማች አልሄዱም። አያ ፈንቴ ያን ዕለት ጠዋት አንድ ግራጫ ፈረስ ሊያሳዩአቸው ይዘዋቸው ወጥተው ነበር።

ጽጌ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሰርጉ ዳንግላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከአክስቷ ጋር በአውሮፕላን መጣች። ፈረሰኛው በሙሉ ሜዳው ላይ ወጣ፤ ግን ከዳር፣ በአንድ መስመር፣ ማንም አንዲት እርምጃ ሳያልፍ። ሰልፉን ያስያዙትና «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» እያሉ ሲቆጡ የዋሉት በግራጫ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ረጅም ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። አውሮፕላኑ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጽጌ ብቅ አለች። እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ነው።

«አባባ!» አለች ከደረጃው ላይ። «እርስዎ እኮ ሰጪ ነዎት! ከወንድ ወገን ጋር ምን ያደርጋሉ?»

ግራዝማች ከፈረሳቸው አልወረዱም። «ሰጪውን ከፈለግሽ አዲስ አበባ ሂጂና ፈልጊው» አሏት። «እኔ ልቀበልሽ ነው የወጣሁት።»